ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?

ወንድሜ ቲቢ እንዳለበት ያወቅኩት ከሱ አፍ ሰምቼ አይደለም። ልብስ ላጥብ ብዬ የጃኬቱን ኪስ ስፈትሽ ቀላ ያለ ቡኒ ኪኒን የተደረደረበት እሽግ እና አራት ቦታ ታጥፎ ጠርዙ የተበላ የቀጠሮ ካርድ አገኘሁ። ካርዱ ላይ መድሃኒት የጀመረበት ቀን ተጽፎበታል፣ ስቆጥረው 11 ቀን። 11 ቀን ሙሉ እኛ ሳንነቃ ተነስቶ ጤና ጣቢያ ይሄድና ነርሷ ፊት ውጦ ወደ ስራው ይሄዳል ማለት ነው፣ ኪሱ ውስጥ የነበረው ደሞ ለቅዳሜና እሁድ የተሰጠው ነው።

ማታ ሲመጣ ጠየቅኩት። አልካደም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ ሁሉንም ነገረኝ። ሳሉ ከ2 ወር በላይ ሆኖት ነበር፣ እኛም እኮ እንሰማው ነበር፣ እማዬ ብርድ ነው ብላ ዝንጅብል በማር ስታፈላለት፣ እሱ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሲጨርስ፣ ሱሪው እየሰፋው ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ሁላችንም አይተናል፣ ሌሊት ካናቴራው በላብ ርሶ እንደሚያድር ደሞ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝና አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ አክታ ሰጥቶ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መመርመሪያ ተገኘበት። መድሃኒቱን ስታስጀምረው ሲስተሯ "ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?" ብላ ጠየቀችው።

"ምን አልካት?"

"ብቻዬን ነኝ አልኳት።"

እኛ አምስት ነን። አፍንጮ በር አካባቢ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ናት፣ ቆጥ አለቻት። እማዬ በሩ ጋ ያለው አልጋ ላይ፣ እኔና ባለቤቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ወንድሜ ቆጡ ላይ። ልጄ 3 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፣ አጎቱን ስለሚወድ ማታ ማታ መሰላሉን ወጥቶ እሱ እቅፍ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ ስናወርደው ያለቅሳል። ቤቷ ያለቻት መስኮት አንድ ነች፣ እሷም ብርድ ይገባል ተብሎ ከክረምት እስከ በጋ ዝግ ናት። ያን ሌሊት ልጄን ከሱ ጋ አላስተኛሁትም። እንቅልፍም አልወሰደኝም፣ ትንፋሹን እየሰማሁ ነጋ።

ለምን ዋሸህ ብዬ ጮኼበታለሁ፣ አልደብቅም። ግን ሲያስረዳኝ ገባኝ። የሚሰራው ማተሚያ ቤት ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሆነው ወረቀት ሲያጥፉና ሲጠርዙ ይውላሉ፣ ቤታችሁ እንመጣለን ካሉ ሰፈሩ ይሰማል፣ ሰፈሩ ከሰማ መስሪያ ቤቱ ይሰማል፣ ከዛ እጮኛው ትሰማለች፣ እንደዛ እያለ በጭንቅላቱ ሰንሰለቱን ጨርሶታል። በዛ ላይ እኛን ማስደንገጥ አልፈለገም። መድሃኒት ከጀመርኩ አይተላለፍም ብሎም አስቧል፣ እሱስ እውነት ነው፣ መድሃኒቱ ከሰራና በትክክል ከተወሰደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የማስተላለፍ እድሉ በጣም ይቀንሳል። ግን ያለፈውን 2 ወር ማን ይመልሰዋል? እሱ ሲያስል እኛ ያንኑ አየር ስንተነፍስ ነው የከረምነው።

በነጋታው ልጄን ይዤ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፣ ቅርብ ስለሆነ። ሀኪሙ ደረቱን አዳመጠና "አያስልም፣ አያተኩሰውም፣ ምን አመጣሽው? ሲያስለው ታመጪዋለሽ" አለኝ። የካርድ ከፍዬ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት በእውነት፣ ልጅሽ ጤነኛ ነው ሲባል ማን ነው የማይደሰት? ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለዚህች ነገር ነው፣ "ሲያስለው ታመጪዋለሽ" የሚለው ትክክል አይደለም። ቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ካለ ሳል እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ጤነኛ ሆናችሁ ነው የምትሄዱት።

ይሄን የነገረችኝ ወንድሜ የሚታከምበት ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ናት። እጁን ይዤ ወሰድኩትና "ብቻውን አይደለም፣ አምስት ነን" አልኳት። አልተቆጣችም። የለመደችው ይመስለኛል። መዝገቡን ከፈተችና የሁላችንንም ስምና እድሜ ጻፈች፣ የልጄን ስትጽፍ እድሜውን ሁለቴ ጠየቀችኝ።

ከዛ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ቲቢ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፣ የታመመው ሰው ሲያስል ሲያስነጥስ ጀርሙ አየር ላይ ይቀራል፣ በር መስኮቱ በተዘጋ ቤት ደሞ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ጀርሙ የገባበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። አብዛኛው ሰው ጋ ሰውነት ይከበውና ይተኛል፣ ድብቅ ቲቢ የሚሉት እሱን ነው፣ አያስልም አያከሳም ወደ ሌላም አይተላለፍም። "አመድ የለበሰ ፍም ማለት ነው፣ ጠፍቷል ብለሽ እጅሽን ካስገባሽ ያቃጥልሻል" አለችኝ። በዓለም ላይ ከአራት ሰው አንዱ አካባቢ ይሄ የተኛ ጀርም አለበት ይባላል። ከነዚህ ውስጥ ከ100ው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በህይወታቸው አንድ ቀን ይታመማሉ፣ ከሚታመሙት ደሞ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ አሁን የተጋለጠ ሰው ዋናው ጊዜው አሁን ነው። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደሞ ሌላ ነው፣ ቶሎ ነው የሚታመመው፣ ወደ አንጎል ሽፋን ሁሉ ሊሄድበት ይችላል። ክትባቱን እኮ ወስዷል ብዬ ክንዱ ላይ ያለችውን ጠባሳ አሳየኋት። ቢሲጂ ጥሩ ነው አለች፣ ህጻናትን ከከባዱ ዓይነት ይጠብቃል፣ ግን ቤት ውስጥ ከሚያስል ሰው ጋ እያደሩ ክትባት አለው ብሎ መተው አይሆንም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰውም እንዲሁ ከሌላው በጣም ቀድሞ ነው የሚታሰብለት።

ከዛ ምርመራ። ትስላላችሁ? ያተኩሳችኋል? ማታ ያልባችኋል? ከስታችኋል? ተመዘንን፣ ኤክስሬይ ተነሳን። የእማዬ ኤክስሬይ ላይ የሆነ ነገር ታየ ተባለና አክታ ስጪ ተባለች፣ ውጤቱ እስኪመጣ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ሰነበተ፣ ነጻ ሆነች ተመስገን። ይሄ ምርመራ ለይስሙላ አይደለም። የተኛው ጀርም እንዳይነሳ የሚሰጠው የመከላከያ መድሃኒት ውስጥ ያለው አንድ ወይ ሁለት ዓይነት ነው፣ የታመመ ሰው ግን የሚታከመው መጀመሪያ ሁለት ወር በአራት ዓይነት፣ ከዛ አራት ወር በሁለት ዓይነት ነው። የታመመውን ሰው ጤነኛ ነው ብለው መከላከያውን ብቻ ከሰጡት ጀርሙ አይሞትም፣ መድሃኒቱን ይለምደዋል። የወንድሜም ውጤት ታይቷል፣ መድሃኒት የተላመደ ቲቢ ቢሆን ኖሮ የኛም መከላከያ ሌላ ነበር የሚሆነው።

ሁላችንም ነጻ ነን ሲባል እማዬ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በቃ ጨረስን ብላ። ሲስተር ደሞ "አሁን ነው እንጂ የምንጀምረው እናቴ" አለቻት። እማዬ አየቻት። "ያልታመመ ሰው መድሃኒት ይወስዳል እንዴ?"

እውነቷን ነው፣ ከባዱ ይሄ ነው። ስትታመም መድሃኒት መዋጥ ማንም አይከብደውም፣ ህመሙ ራሱ ያስታውስሃል። ጤነኛ ሆነህ፣ ምንም ሳይሰማህ፣ መዋጥ ነው ጭንቁ። ድሮ ደሞ መከላከያው አይሶናያዚድ የሚባለው ብቻውን በየቀኑ ለ6 ወር ነበር፣ ስንቱ ጀምሮ ተወው። አሁን 3ኤችፒ የሚሉት አለ፣ አይሶናያዚድ እና ሪፋፔንቲን አንድ ላይ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ12 ሳምንት። 12 ጊዜ ብቻ! በፈረንጆቹ 2011 የወጣ ትልቅ ጥናት ላይ ይሄኛውን ከጀመሩት 82 በመቶው ጨርሰውታል፣ አይሶናያዚድን ብቻውን በየቀኑ ለ9 ወር ከጀመሩት ደሞ 69 በመቶ፣ የመከላከል አቅሙም ከ9 ወሩ አላነሰም። በመንግስት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው የሚሰጠው፣ እኛ አምስት ሳንቲም አልከፈልንም።

እማዬን ግን ጥናት አላሳመናትም። ያሳመናት አንድ ያነበብኩት ታሪክ ነው፣ ማታ ቡና ላይ ነገርኳት። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ አላስካ የሚባለው በረዶ ሀገር ቲቢ ህዝቡን ሲጨርሰው ጆርጅ ኮምስቶክ የሚባል አሜሪካዊ ዶክተር ቤቴል በምትባል ከተማና ዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ይሄን አይሶናያዚድ ጤነኛ ለሆኑ ሰዎች ሰጠ፣ የወሰዱት ላይ በሽታው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፣ ከ19 ዓመት በኋላ ሲያዩአቸው እንኳን ጥበቃው ነበር። እና ዶክተሩ ራሱም ከነቤተሰቡ ወሰደው። እማዬ ስኒዋን አስቀመጠችና "ከነልጆቹ?" አለች። አዎ ስላት "እንግዲህ ለልጆቹ መርዝ አይሰጥም" አለች፣ በቃ አለቀ።

ሁዳዴ ሊገባ ነበር። መድሃኒቱ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ እማዬ ደሞ በአዘቦት ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ስለዚህ ከሲስተር ጋ ተማክረን እሁድን መረጥን፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስለሚበላ። የመጀመሪያውን የዋጥነው ዘወረደ እለት ነው። ከዛ በኋላ እማዬ በቁጥር መቁጠር ትታ በሳምንቶቹ ስም ያዘችው፣ "የቅድስትን ወሰድን፣ የምኩራብ ቀረን" ትላለች። መጻጉዕ ላይ፣ ያ 38 ዓመት አልጋ ላይ የቆየው በሽተኛ የሚታሰብበት እሁድ ማለት ነው፣ ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ዝም አለችና "እሱ ሰው አጥቶ ነው፣ እኛ እንኳን አለን" ብላ ዋጠቻቸው።

ሦስት ትላልቅ ኪኒን እና አንዲት ትንሽ ቢ6 የምትባል ቫይታሚን ናት፣ ቢ6ቷ እጅና እግር እንዳይደነዝዝ ነው። ለልጄ የታዘዘው ሌላ ነው፣ በየቀኑ ለ3 ወር፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል፣ ጭራሽ ጨምሪልኝ ይለኛል። እየሟሟ ውሃው ቀለም ሲቀይር አፍንጫውን ብርጭቆው ላይ አስጠግቶ ያየዋል።

ስለ ሽንት ካልነገርኳችሁ ትደነግጣላችሁ። ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል፣ እምባም ላብም ሊሆን ይችላል፣ ምንም ማለት አይደለም ያልፋል። ሌላ ደሞ ሴቶች ይሄን ስሙኝ፣ እኔ ክንዴ ላይ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ነው የምጠቀመው፣ ሲስተር ባትጠይቀኝ ኖሮ አልነግራትም ነበር፣ ምን አገናኘው ብዬ። መድሃኒቱ የእንክብሉንም የክንዱንም ኃይል ያደክመዋል፣ ስለዚህ እስክጨርስና ከጨረስኩም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ኮንዶም ጨምሩበት አለችን። የእማዬንም የግፊት መድሃኒት ሊያደክመው ስለሚችል ቶሎ ቶሎ እየተለካች ነው የቆየችው። የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ፣ የባህል መድሃኒትም ቢሆን።

ገብር ኄር እለት ከዋጥኩ ከሰዓታት በኋላ አንቀጠቀጠኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ አጥንቴ ሁሉ ተሰባበረ፣ ልክ እንደ ጉንፋን። በቃ ይቅርብኝ አልኩ፣ ከምሬ ነው፣ ጤነኛ ሰው ነበርኩ እኮ መድሃኒቱ ነው ያሳመመኝ። ወንድሜ ነው ስልኩን ነጥቆኝ ሲስተር ጋ የደወለው። አይንሽ ቢጫ ሆኗል? ያስመልስሻል? ቀኝ ጎንሽን ያምሻል? ብላ ጠየቀችኝና በነጋታው ነይ አለችኝ፣ ጉበቴ ታየ፣ ደህና ነው። እንደዚህ የሚያደርገው ሰው አለ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል፣ ግን ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ ዝም ብላችሁም አታቁሙ፣ ደውሉ። በሚቀጥለው እሁድ ስዋጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም።

አሁን የሲኒዋን ነገር ልንገራችሁ። እማዬ መድሃኒቱን ከኛ ጋ እየወሰደች፣ ሁሉንም እየሰማች፣ ለወንድሜ ግን ለብቻው ሲኒ መደበችለት። አልተናገረችም፣ ዝም ብላ። ጠርዟ የተሸረፈች ሰማያዊ አበባ ያላት ሲኒ ነች፣ ረከቦቱ ላይ ከሌሎቹ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣታለች፣ ስታጥብም ለብቻ። እንጀራም ለብቻው በሳህን። አንድ ቀን ቡናው ሲቀዳ እሱ ራሱ እጁን ዘርግቶ ያቺን የተሸረፈችውን አነሳ፣ ማንም ሳይሰጠው፣ "የኔ ይቺ ናት አይደል" አለ። ማናችንም ቀና አላልንም። በሁለተኛው ዙር ሲኒዎቹን እኔ አጠብኩ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አንድ ውሃ ውስጥ፣ እና እሱ የጠጣበትን ለራሴ ቀዳሁበት። ቲቢ በሲኒ አይተላለፍም፣ በማንኪያ አይተላለፍም፣ በመጨባበጥም አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። በተዘጋ ቤት አየር ነው የሚተላለፈው። ሲኒ ለይተን መስኮት ዘግተን ነበር የተቀመጥነው እኮ! መስኮቷን ከፈትኳት፣ ብርድ ገባ እየተባልኩ እስካሁን ቀን ቀን ክፍት ናት። ታክሲ ውስጥም ነገር አነሳለሁ አሁን፣ 12 ሰው ጢም ብሎ፣ አንዱ እየሳለ፣ መስኮቷን ጣት በምታህል ስትከፍት ንፋስ መታን ብሎ የሚጮህ አይጠፋም፣ ንፋስ ገድሎ አያውቅም ወገኖቼ።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ የሱን ኪኒን በፌስታል ቋጥሬለት ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱን እሁድ ረስቶት ሰኞ ሚሌ ላይ ምሳ ሲበላ ትዝ አለው፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝና ዋጠው። ሲስተር ምንም አይደለም ቀጣዩን በእሁዱ ይውሰድ አለች። ፋሲካ 9ኛችን ነበር፣ ጉበት ላይ ስለሚሰራ መጠጥ ተከልክለናል፣ እሱ ጠላውን አይቶ አይቶ ለስላሳ ጠጣ። ዳግማ ትንሳኤን አለፍን፣ ሁለት እሁድ ጨመርን፣ ጨረስን።

ለእጮኛው የነገራት በኒቆዲሞስ ሳምንት ነው። አልተወችውም። ያለችው ይሄን ነው፣ "ብቻዬን ነኝ ስትላት እኔም የለሁም ማለት ነው?" አልቅሳ ነበር። ሄዳ ተመረመረች፣ አሁን ስድስተኛዋ ላይ ነች። ከማተሚያ ቤቱ ለሁለት ጓደኞቹ ነግሯል፣ ስድስቱ ይቀራሉ፣ ይሄ ያሳስበኛል።

በፈረንጆቹ 2018 የተባበሩት መንግስታት ላይ መሪዎቹ ተሰብስበው በ5 ዓመት ለ30 ሚሊዮን ሰው መከላከያ እንሰጣለን ብለው ነበር፣ የደረሱት ግማሽ አካባቢ ነው፣ ከዛም ውስጥ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ከታቀደው በላይ ተሰጥቷል፣ ወደ ኋላ የቀረው የታማሚው ቤተሰብ ነው። ይሄን ሳነብ ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም፣ ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ "ብቻዬን ነኝ አልኳት" ያለኝ ነው የመጣብኝ።

አንዲት ጎረቤታችን ነበረች፣ በልማት ተነስታ ወደ ሩቅ ሰፈር የሄደች፣ እሱ ሲያስል በነበረ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሁለት ልጆቿን ይዛ እኛ ቤት ነበር ቡና የምትጠጣው፣ ትንሿ ገና 2 ዓመት አልሞላትም። ልደውልላት ስል ወንድሜ እኔ ነኝ የምደውለው አለ። በር ላይ ወጥቶ ነው ያወራት፣ ረጅም ሰዓት፣ ጀርባውን ነበር የማየው። ሲገባ "ሰኞ ትሄዳለች፣ ካርዴን በፎቶ ላክልኝ ብላለች" አለኝ። ላከላት። ሄዳለች፣ የትልቁ ደህና ነው፣ የትንሿን ውጤት እየጠበቅን ነው።